መጀመሪያ ለካ፥ ኋላ ሰካ



«ሁለት ጉድጓድ ያላት አይጥ አትሞትም» ይባላል። አባባሉ ለአይጧ እውነት ነው፤ አንደኛው በር ቢዘጋባት በሁለተኛው ታመልጣለችና። በኤሌክትሪክ ሥራ ግን ሁለት የኀይል ምንጭ ያለው ዕቃ፥ ምንጩ ሁለት በመሆኑ ብቻ ከሞት አይድንም። እንዲያውም ሁለቱ ምንጮች መካከላቸው በረኛ ሳይቆም በአንድ መስመር ላይ የተገናኙ እንደ ሆነ አንዱ ሌላውን ሊያጠፋው ይችላል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚሁ ነው፤ ይኸውም በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒዩተር ጋራ የተያያዘ ማይክሮኮንትሮለር ከሌላ ወገንም ኀይል ሲያገኝ ምን ሊደርስ እንደሚችል፥ እኛም እንዴት መጠንቀቅ እንደሚገባን ነው።

ጉዳዩ የመሐንዲሶች ብቻ ነው ብለው ገጹን እንዳይገልጡት እለምናለሁ። ማይክሮኮንትሮለር ማለት ጥፍር በምታህል ጥቁር ቁራጭ ውስጥ የተሰበሰበ ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። ዛሬ በኮሌጅ የሚማረው ወጣት ብቻ ሳይሆን፥ ቀን በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲመዘግብ ውሎ ማታ በቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሽቦ የሚያገጣጥም ሰው አያሌ ነው። የሚሠራበትም ኮምፒዩተር ብዙ ጊዜ የራሱ አይደለም፤ የወንድሙ ነው፥ የእኅቱ ነው፥ አለዚያም የመንግሥት ንብረት ነው። የራስን ቦርድ ማቃጠል የኪስ ጉዳት ነው፤ የሰውን ኮምፒዩተር ማበላሸት ግን ከኪስ አልፎ ሰው ፊት መቅረብን ያሳፍራል።

አንድ የማውቀው ወጣት አለ። ስሙን እንዳልጠራው ስለ ለመነኝ «ወዳጄ» እለዋለሁ። በመዝገብ ክፍል ይሠራል፤ ማታ ማታ ይማራል። በሚኖርበት ሰፈር የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት። እናቱ በውድቅት ሌሊት ከእንቅልፋቸው እየተነሡ ባልዲና ጀሪካን ሲደረድሩ ማየቱ አሳዘነውና፥ «ውሃው ሲመጣ ራሱ ዐውቆ በትንሽ ሞተር ወደ ሮቶው የሚያወጣ ዕቃ ብሠራስ?» ብሎ ተነሣ። አንድ አርዱዊኖ ኡኖ ቦርድ፥ በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ የውሃ ፓምፕ፥ ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋ ሪሌ፥ እንዲሁም 12 ቮልት የሚሰጥ አዳፕተር ገዛ። ቦርዱ የሚፈልገው 5 ቮልት ስለ ሆነ 12ቱን ወደ 5 የሚያወርድ አነስተኛ መለወጫ ጨመረበት፤ ይህም በላዩ ላይ ባለች ትንሽ ብሎን ቮልቱ ከፍና ዝቅ የሚል ዐይነት ነው። ከመለወጫው የሚወጣውን ሽቦ «5 ቮልት» የሚል ምልክት ባለበት የቦርዱ ቀዳዳ ሰካው። ዕቃው ሠራ፤ እናቱም መረቁት።

አንድ ቀን ማታ ፕሮግራሙን ሊያሻሽል ፈለገና ወደ ታላቅ እኅቱ ሄደ። «እትዬ፥ ኮምፒዩተርሽን ለአንድ ሰዓት ብቻ» አላት። የመመረቂያ ጽሑፏ በውስጡ ነበረ፤ ቢሆንም ቅሉ ሰጠችው። እርሱም አዳፕተሩን ሳይነቅል የዩኤስቢውን ገመድ ሰካ። መብራቱ በራ፤ ሁሉም ደኅና መሰለ። ጥቂት ቆይቶ ሪሌው ሲንገጫገጭ ሰማና «ቮልቱ ቢያንስ ነው» ሲል ገመተ። ጠመንጃ መፍቻውን አንሥቶ፥ መጀመሪያ ሳይለካ ብሎኗን ዞር ዞር አደረጋት። ቮልቱ ከፍ ከፍ አለ። የመቃጠል ሽታ መጣ፤ ኮምፒዩተሩም ቦርዱን ማየት ተወ። ኋላ በመልቲሜትር ሲለካው መለወጫው 6.8 ቮልት ይሰጥ ነበር። ቦርዱ ሞተ፤ የኮምፒዩተሩም አንዱ የዩኤስቢ ቀዳዳ ከዚያን ዕለት ጀምሮ አልሠራም። ጽሑፉ ግን ተረፈ።

እንግዲህ ጥፋቱ የቱ ላይ ነበረ? «ብሎኗ ላይ» የሚል ሰው ግማሹን ብቻ ተናገረ። ብሎኗ የመጨረሻዋ ስሕተት ነበረች፤ የመጀመሪያው ስሕተት ግን ሁለት ምንጮችን ያለ በረኛ በአንድ መስመር ላይ ማገናኘቱ ነው።

ይህን ለመረዳት ከዚያው ከሮቶው ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በግቢዎ ውስጥ የከተማው የቧንቧ መስመርና በሰገነት ላይ ያለ ሮቶ በአንድ ቱቦ ተገናኝተዋል እንበል። የከተማው ውሃ በኀይል ሲመጣ ወደ ሮቶው ይገፋል። የከተማው ውሃ ሲጠፋስ? የሮቶው ውሃ ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ፥ መካከሉ ላይ ውሃን ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ከሌለ፥ ያጠራቀሙት ሁሉ ተመልሶ ወደ መንገዱ ቱቦ ይሄዳል። ቮልት እንደ ውሃው ከፍታ ነው፤ አምፔር ደግሞ በቱቦው ውስጥ በየሰከንዱ እንደሚያልፈው ውሃ ብዛት ነው። ኤሌክትሪክም እንደ ውሃ፥ ከፍ ካለው ወደ ዝቅተኛው ይፈስሳል፤ «ይህ የእኅቴ ኮምፒዩተር ነው» ብሎ አያፍርም።

«ሁለቱም 5 ቮልት ከሆኑ እኩል ናቸው፤ ታዲያ ምን ይፈስሳል?» ይሉ ይሆናል። ነገር ግን ሁለት «5 ቮልቶች» በትክክል እኩል ሆነው አይገኙም። አንዱ 5.1፥ ሌላው 4.9 ይሆናል። ልዩነቱ 0.2 ቮልት ብቻ ነው። በመካከላቸው ያለው የሽቦና የፊውዝ ተቃውሞ 0.2 ኦም ብቻ ቢሆን፥ 0.2 ለ0.2 ሲካፈል 1 አምፔር ይሆናል። ይህ ደግሞ ከአንድ ተራ የዩኤስቢ ቀዳዳ ይወጣ ዘንድ ከተፈቀደው ዕጥፍ ነው፤ ያውም በተገላቢጦሽ መንገድ።

የዩኤስቢ ደንብ የመጀመሪያው ቅጂ የወጣው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። እስካሁን በብዙ ቦታ በሚሠራበት በዩኤስቢ 2.0 ደንብ መሠረት፥ ኮምፒዩተሩ በቀዳዳው ላይ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ይሰጣል። የተሰካው ዕቃ ከኮምፒዩተሩ ጋራ ተነጋግሮ እስኪፈቀድለት ድረስ ከ100 ሚሊ አምፔር በላይ መውሰድ አይገባውም፤ ከተፈቀደለት በኋላ እስከ 500 ይደርሳል። በዩኤስቢ 3 ይህ ልክ 900 ሚሊ አምፔር ሆኗል። ከሁሉ በላይ ልናስታውሰው የሚገባን ግን አንድ ሕግ አለ፤ ይኸውም የተሰካው ዕቃ በኀይሉ መስመር ወደ ኮምፒዩተሩ መልሶ መግፋት የተከለከለ መሆኑ ነው። እንግዳ ከማዕድ ይበላል እንጂ በአስተናጋጁ አፍ ውስጥ እህል በግድ አይጨምርም።

አሁን ወደ ቦርዱ እንመለስ። አርዱዊኖ በጣልያን አገር በኢቭሬያ ከተማ በ2005 እ.ኤ.አ. ለተማሪዎች ተብሎ የተጀመረ ሥራ ነው። ኡኖ የተባለው ቦርድ በ2010 እ.ኤ.አ. ወጣ። «ኡኖ» በጣልያንኛ «አንድ» ማለት ሲሆን፥ የኀይል በሮቹ ግን ሦስት ናቸው። አንደኛው የዩኤስቢው ቀዳዳ ነው። ሁለተኛው አዳፕተር የሚሰካበት ክቡ ሶኬት ነው፤ «ቪን» የሚባለውም ቀዳዳ የዚሁ በር ተከታይ ነው። ሦስተኛው ወዳጄ የተጠቀመበት የ«5 ቮልት» ቀዳዳ ነው።

በሁለተኛው በር ላይ በረኛ ቆሟል። በክቡ ሶኬት የሚገባው ከ7 እስከ 12 ቮልት እንዲሆን የተመከረ ነው፤ ከገባ በኋላ ሬጉሌተር የተባለው ክፍል ወደ 5 ያወርደዋል። አንዲት አነጻጻሪ ክፍል ደግሞ የዚህን ቮልት እኩሌታ ከ3.3 ቮልት ጋራ ታነጻጽራለች። እኩሌታው የበለጠ እንደ ሆነ፥ ማለት የገባው ከ6.6 ቮልት በላይ ሲሆን፥ ከዩኤስቢው የሚመጣውን የኀይል መንገድ የምትዘጋዋን ትራንዚስተር ታዝዛለች። ስለዚህ በክቡ ሶኬት አዳፕተር፥ በሌላው ወገን የዩኤስቢ ገመድ ቢሰኩ ሁለቱ አይጋጩም። የመረጃው ሽቦ ሥራውን ይቀጥላል፤ ኀይሉ ግን ከአዳፕተሩ ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛው በር ግን ከበረኛው ጀርባ ያለ የጓሮ በር ነው። በዚያ የገባ ኀይል በሬጉሌተሩም በአነጻጻሪዋም ፊት አያልፍም። አነጻጻሪዋ ወደ ክቡ ሶኬት ስትመለከት በቂ ቮልት ስላላየች «አዳፕተር የለም» ትላለች፤ የዩኤስቢውንም መንገድ ክፍት አድርጋ ትተዋለች። የወዳጄ 6.8 ቮልት ወደ ኮምፒዩተሩ የሄደው በዚህ ክፍት መንገድ ነው። በመንገዱ ላይ ያለችውም ፊውዝ 500 ሚሊ አምፔር ያህል የምትፈቅድ፥ ስትግል መንገዱን የምታጠብና ስትበርድ መልሳ የምትከፍት ናት፤ ነገር ግን የምትጠብቀው የኮረንትን ብዛት እንጂ የቮልትን ከፍታ አይደለም። ለመጋልም ጊዜ ያስፈልጋታል።

«ታዲያ ሁልጊዜ በክቡ ሶኬት ልጠቀም?» ቢሉ፥ መልሱ ለኡኖ አዎን ነው፤ ሙቀቱን ማሰብ ግን ያስፈልጋል። ሬጉሌተሩ ትርፉን ቮልት የሚያስወግደው ወደ ሙቀት እየለወጠ ነው። 12 ቮልት አስገብተው 200 ሚሊ አምፔር ቢጠቀሙ፥ ትርፉ 7 ቮልት በ0.2 አምፔር ተባዝቶ 1.4 ዋት ሙቀት ይሆናል፤ ይህ ለዚያች ትንሽ ክፍል ጣት የሚያቃጥል ነው። ከ8 እስከ 9 ቮልት ቢያስገቡ ሙቀቱ በእጅጉ ይቀንሳል።

ሌሎች ቦርዶች በሌላ መንገድ ይጠነቀቃሉ። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ራስበሪ ፓይ ፒኮ በዩኤስቢው መስመርና «ቪሲስ» በሚባለው የቦርዱ መግቢያ መካከል ዳዮድ አለው። ዳዮድ ማለት ያ የውሃው ቫልቭ ነው፤ ወደ አንድ ወገን ያሳልፋል፥ ወደ ኋላ አይመልስም። እርስዎም ከባትሪዎ በሚመጣው ሽቦ ላይ ሁለተኛ ዳዮድ ቢያደርጉ፥ ሁለቱ ምንጮች እንደ ሁለት ወንዝ ወደ አንድ ሜዳ ይፈስሳሉ እንጂ አንዱ ወደ ሌላው አይወጣም። ቮልቱ ከፍ ያለው ምንጭ ይመግባል፤ እርሱ ሲጠፋ ሌላው ወዲያው ይተካዋል። መብራት በሚጠፋበት ቤት ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ለዳዮድ ግን ቀረጥ ይከፈላል። ተራው የሲሊኮን ዳዮድ 0.7 ቮልት ያህል ያስቀራል፤ ሾትኪ የሚባለው 0.3 ያህል ብቻ ስለሚያስቀር ለዚህ ሥራ የሚመረጠው እርሱ ነው። ሌላም ነገር አይርሱ፤ ዳዮዱ ኮምፒዩተሩን ከመልስ ኮረንት ያድነዋል እንጂ ቦርዱን ከትርፍ ቮልት አያድነውም። የፒኮ «ቪሲስ» ከ1.8 እስከ 5.5 ቮልት ብቻ ነው የሚቀበለው። ደግሞም ዳዮድ በሁለቱም መንገዶች ላይ መኖር አለበት። በኡኖ የ«5 ቮልት» ቀዳዳ ላይ አንድ ዳዮድ ብቻ ቢያደርጉ፥ ከመለወጫው የሚመጣው ከፍ ባለ ጊዜ ዳዮዱን አልፎ ያንኑ የዩኤስቢ መንገድ ያገኛል።

ስለ ፓምፖችና ስለ ሞተሮችም አንድ ቃል ልበል። ሞተር ሲነሣ ከተለመደው ብዙ ዕጥፍ ኮረንት ይስባል። የሞተሩን ኀይል በቦርዱ ውስጥ ያሳለፉ እንደ ሆነ ቮልቱ ለቅጽበት ይወርዳል፤ በኡኖ ላይ ያለው ማይክሮኮንትሮለር ደግሞ ቮልቱ ከ2.7 ገደማ በታች ሲሆን ራሱን አጥፍቶ እንደገና እንዲነሣ የተደረገ ነው። ሰው «ፕሮግራሜ ተበላሸ» እያለ ሌሊቱን የሚያድረው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ለሞተሩ የራሱን ምንጭ ይስጡት፤ የሁለቱን ምንጮች ኔጋቲቭ፥ ማለት ግራውንዱን፥ ያገናኙ፤ ፖዘቲቮቹን ግን ፈጽሞ አያገናኙ። ኔጋቲቮቹ ካልተገናኙ አንዱ ዕቃ የሚልከውን ምልክት ሌላው ከየት ጀምሮ እንደሚለካው አያውቅም። የሞተሩም ኮረንት የሚመለስበት ወፍራም ሽቦ በቀጥታ ወደ ራሱ ምንጭ ይሂድ እንጂ በቦርዱና በዩኤስቢ ገመዱ በኩል አይዙር።

የመጨረሻው አደጋ ማንም ልብ የማይለው ነው። የአንዱን ዕቃ ኀይል ነቅለው ሳለ መብራቷ ደብዘዝ ብላ ስትበራ አይተው ያውቃሉን? ይህ ተአምር አይደለም። በማይክሮኮንትሮለር እግሮች ላይ ቁራጩን ከትርፍ ቮልት ለመጠበቅ የተሠሩ ትንንሽ ዳዮዶች በውስጡ አሉ። አንዱ ቦርድ ጠፍቶ ሌላው እየሠራ ምልክት ሲልክበት፥ ኮረንቱ በምልክቱ ሽቦ ገብቶ በእነዚህ ዳዮዶች አልፎ የጠፋውን ቦርድ በግማሽ ልብ ያስነሣዋል። እንዲህ ያለ ቦርድ አልሞተም፥ አልዳነምም፤ ሥራው ሁሉ ቅዠት ነው፤ ዳዮዶቹም ላልተሠሩበት ሸክም ይዳረጋሉ። መድኀኒቱ ቀላል ነው። በምልክቱ ሽቦ ላይ 1,000 ኦም የሆነ ሬዚስተር ቢያስገቡ በ5 ቮልት ከ5 ሚሊ አምፔር በላይ ሊያልፍ አይችልም። የኡኖ አንድ እግር እስከ 20 ሚሊ አምፔር እንዲሠራ የተመከረ ሲሆን 40 የመጨረሻው ወሰን ነውና፥ ይህ ደኅና ርቀት ነው። ከተቻለም ሁለቱ ቦርዶች አብረው ይብሩ፥ አብረው ይጥፉ።

እንግዲህ ነገሩን ለማሳጠር፥ ገመድ ከመሰካትዎ በፊት እነዚህን አራት ጥያቄዎች ራስዎን ይጠይቁ።

አንደኛ፤ ለዚህ ቦርድ ኀይል የሚሰጡት ስንት ናቸው? የዩኤስቢውን ገመድ መቁጠር አይርሱ፤ ብዙ ሰው እርሱን የመረጃ ገመድ ብቻ አድርጎ ያየዋልና።

ሁለተኛ፤ በሁለቱ ምንጮች መካከል የቆመው በረኛ ማን ነው? ዳዮድ፥ የቦርዱ መምረጫ፥ ወይስ በእጅ የሚገለበጥ ማብሪያ ማጥፊያ? «ማንም» ከሆነ መልሱ፥ አንዱን ይንቀሉ። ፕሮግራም በሚጭኑበት ጊዜ የውጪውን የ5 ቮልት ሽቦ መንቀል ምንም ገንዘብ አያስወጣም።

ሦስተኛ፤ ቮልቱን በመልቲሜትር ለክቼዋለሁን? የሚለካውም ሽቦው ቦርዱን ሳይነካ በፊት ነው። የሚስተካከል መለወጫ ከሱቅ ሲመጣ በስንት ቮልት ላይ እንደ ቆመ በግምት አይታወቅም።

አራተኛ፤ ኔጋቲቮቹ ተገናኝተዋልን? እነርሱን መጀመሪያ ያገናኙ፤ ሲፈቱም መጨረሻ ይፍቱ። የዩኤስቢን መሰኪያ የሠሩት ሰዎችም ይህን ዐውቀው፥ የኀይሉንና የግራውንዱን ምላሶች ከመረጃዎቹ ይልቅ ጥቂት አስረዝመዋቸዋል፤ ሲሰካ ቀድመው እንዲነኩ፥ ሲነቀልም ኋላ እንዲለቁ።

የወዳጄን መጨረሻ ሳልነግርዎ አልሰናበትም። ያን ሌሊት ኮምፒዩተሩን ዘግቶ እንደ ምንም ሆኖ ሊመልሰው ዐስቦ ነበር፤ ቀዳዳው መሞቱን እኅቱ እስክታውቅ ድረስ ሳምንት ሊያልፍ ይችል ነበርና። ነገር ግን ጠዋት ወደ ሥራ ሳትሄድ ነገራት። ተቈጣች፤ ቀጥላም ጽሑፏን በሌላ ቦታ ገለበጠች። እርሱም ከሁለት ወር ደመወዙ ቈጥቦ አዲስ ቦርድ ገዛ፤ የቀዳዳውንም ማሠሪያ ከፈለ።

ዛሬ ያ ዕቃ ይሠራል። መለወጫውም ያው መለወጫ ነው፤ ብሎኗ አሁን በ8 ቮልት ላይ ቆማለች፤ ይህም ያን ዕለት ጥፋት ካደረሰው 6.8 የበለጠ ነው። የገባበት በር ግን ክቡ ሶኬት ነውና በረኛው አይቶ ያስገባዋል፥ የዩኤስቢውንም መንገድ ይዘጋለታል። እናቱ ሌሊት አይነሡም። በሣጥኑ ክዳን ላይ ወዳጄ በእጁ ጽፎ የለጠፋት ወረቀት አለች፤ «መጀመሪያ ለካ፥ ኋላ ሰካ» ትላለች።

ከዚህ የተሻለ ምክር እኔም የለኝ። የቀደሙት «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእሳት ነበር፤ ለዩኤስቢም ይሠራል።